ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽ፣ ፍርደኛ፦ ተማሪዎች ስለ ወንጀል ፍትሕ ቃላት ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ገና ሕግ ማጥናት ከጀመሩ ልጆች ጋር ስለ ወንጀል ሕግ ስንጫወት ክርክሩ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ከአንድ ቃል ነው። አንዱ «ታሰረ» ይላል፣ ሌላው «ተፈረደበት» ብሎ ይሰማዋል። ተከሳሹ በዋስ ሲወጣ ደግሞ «ነጻ ተለቀቀ» ተብሎ ይወራል። የቃሉ ቦታ ሲሳት የሰውዬው መብትም አብሮ ይሳታል። ከዚህ በታች ያሉት በተደጋጋሚ የተጠየቅኋቸው ጥያቄዎች ናቸው።

እንዲመቸን አንድ የፈጠራ ታሪክ እንያዝ። ጣና ዳር ከቆመች ጀልባ ላይ ሌሊት ሞተሯ ተፈትቶ ተወሰደ እንበል። ሲነጋ ባለ ጀልባው ደርሶ ጮኸ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ አንድ ወጣትም ተጠረጠረ። ቃላቱ በዚህ ወጣት ላይ ተራ በተራ ሲያርፉ እናያለን።

ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽ፣ ጥፋተኛ፣ ፍርደኛ፣ ወንጀለኛ፤ ሁሉም አንድ አይደሉም ወይ?

አይደሉም። ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ ስለሚቆም ይህን አስቀድሜ እመልሳለሁ። ፖሊስ «ሞተሩን ወስዶ ሊሆን ይችላል» ብሎ ምርመራ የጀመረበት ወጣት ተጠርጣሪ ነው። ዐቃቤ ሕግ የምርመራ መዝገቡን አይቶ ክስ ሲመሠርትበት ተከሳሽ ይሆናል። ፍርድ ቤት ማስረጃውን መዝኖ ድርጊቱን መፈጸሙን ሲያረጋግጥ ጥፋተኛ ይባላል። ቅጣት ተወስኖበት ቅጣቱን መፈጸም ሲጀምር ፍርደኛ ነው። «ወንጀለኛ» የሚለውን ቃል የሚሸከመው ጥፋተኝነቱ በፍርድ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።

ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ሕጉ እንደ ንጹሕ ሰው ይቆጥረዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተቀመጠው ይህ መብት በሕግ ሰዎች አነጋገር ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ይባላል። ሰፈር ውስጥ ግን ወጣቱ ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ ያየው ሁሉ «ሌባው ተያዘ» ይላል። ከወራት በኋላ ፍርድ ቤት በነጻ ቢያሰናብተውም ወሬው ወደ ኋላ አይመለስም፤ እናቱ ገበያ ስትወጣ ከጀርባዋ የምትሰማው ያንኑ ነው። ጋዜጠኛ መሆን የምትፈልጉ ልጆች ይህን ልዩነት ዛሬውኑ ያዙልኝ። «የተጠረጠረ» እና «የሰረቀ» በሚሉት ቃላት መካከል የአንድ ሰው ሕይወት አለ።

አንድ ድርጊት ወንጀል የሚባለው ምን ሲሆን ነው?

ሦስት ነገሮች አብረው ሲገኙ ነው። የመጀመሪያው ሕጋዊ ፍሬ ነገር ይባላል፤ ድርጊቱን ወንጀል የሚያደርግ የተጻፈ ሕግ መኖር አለበት። ሁለተኛው ግዙፋዊ ፍሬ ነገር ነው፤ በእውን የተደረገ ነገር፣ ወይም መደረግ ሲገባው ሳይደረግ የቀረ ነገር። ሦስተኛው ሞራላዊ ፍሬ ነገር የሚባለው ሲሆን ሰውዬው ያደረገው አስቦ ወይም በቸልተኝነት መሆኑ ነው። አንዱ ከጎደለ ወንጀል የለም። ወጣቱ ሞተሩን የወሰደው የአጎቱ መስሎት ከሆነና ይህ ከተረጋገጠ፣ እጁ ሞተሩን ቢያነሣም ለስርቆት የሚያስፈልገው ሐሳብ አልነበረውም።

ዛሬ የምንሠራበት የወንጀል ሕግ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። የተካው በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። የስሙን ለውጥ ልብ በሉ፤ የድሮው ሕግ ስሙን ከወንጀለኛውና ከመቅጣቱ ይጀምር ነበር።

ጥቆማ፣ አቤቱታና ክስ ምን ይለያቸዋል?

ጥቆማ ማንም ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ጉዳቱ የደረሰበት መሆን የለበትም። ሌሊት ዓሣ ሲያሰግር ያደረ ሰው ሞተር የተሸከመ ሰው አይቶ ፖሊስ ጣቢያ ቢናገር ጠቆመ ይባላል። የግል አቤቱታ ግን የተበዳዩ ነው። እንደ ስድብ ያሉ አንዳንድ ወንጀሎች ተበዳዩ ራሱ ካላመለከተ አያስከስሱም፤ የማመልከቻ ጊዜውም ወንጀሉን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን አንሥቶ ሦስት ወር ነው። ክስ ደግሞ ዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው ነው። ስለዚህ ባለ ጀልባው «ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ከሰስኩት» ሲል በሕግ ቋንቋ ጠቆመ ወይም አመለከተ ማለቱ ነው።

«እጅ ከፍንጅ» በሕግም ያው ነው?

ያው ነው፤ ሕጉ ይህን ጥሩ አማርኛ ሳይለውጥ ነው የወሰደው። ሰው ወንጀሉን ሲፈጽም፣ ሊፈጽም ሲሞክር ወይም እንደፈጸመ ወዲያው ሲያዝ እጅ ከፍንጅ ተያዘ ይባላል። ሕዝብ «ያዘው! ያዘው!» እያለ ሲያሳድደው የሚያዝም እንደዚያው ይቆጠራል። እንዲህ ሲሆን የመያዣ ትእዛዝ ላያስፈልግ ይችላል። በሌላ ጊዜ ግን መርሑ ፖሊስ በመጥሪያ እንዲጠራ፣ ካልሆነም ከፍርድ ቤት ማዘዣ እንዲያወጣ ነው።

የቤት ብርበራም እንደዚሁ በመርሕ ደረጃ የፍርድ ቤት ማዘዣ ይጠይቃል። ሰዓትም አለው፤ ፍርድ ቤቱ በተለይ ካልፈቀደ በቀር ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ ብቻ ነው። ልብ በሉ፣ ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ መለየት አለበት። ለጀልባ ሞተር የወጣ ማዘዣ ደብዳቤዎቻችሁን ለማንበብ ፈቃድ አይደለም።

48 ሰዓት የሚባለው ከመቼ ይቆጠራል?

ከተያዘበት ጊዜ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ግን በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ አስፋልት ዳር ለተያዘ ሰው ብዙ ላትመስል ትችላለች። ለእኛ ሐይቅ ዳር ላለን ግን ትርጉሟ ትልቅ ነው። ደቅ ደሴት ላይ የተያዘ ሰው ጀልባ ተጠብቆለት፣ ማዕበሉ ጋብ እስኪል ታግሦ ሊሆን ይችላል ወደ ከተማ የሚሻገረው። የውኃው ጉዞ ይቀነስለታል፤ ደሴቱ ላይ በዝምታ የተቀመጠበት ቀን ግን አይቀነስም። ቅዳሜና እሑድም ከቁጥሩ የሚያወጣ ሐረግ አንቀጹ ውስጥ የለም። ዓርብ ማታ ስለተያዙ ሰዎች ሁልጊዜ ስለምጠየቅ ነው ይህን የምጨምረው።

ፍርድ ቤት ሳይቀርብ የቀረ ሰው፣ ወይም ቤተሰቡና ጠበቃው፣ ፍርድ ቤቱ «አካሉን አቅርቡ» ብሎ እንዲያዝ መጠየቅ ይችላሉ። ስሙ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ነው።

ዝም ብል ጥፋተኛ አያስመስለኝም?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ብዙ ጊዜ በጣም ጨዋ ልጆች ናቸው። አስተዳደጋችን ታላቅ ሲጠይቅ መልስ፣ መርማሪም ሲጠይቅ መልስ ይላልና ዝምታ እንደ ድፍረት ወይም እንደ ጥፋት ይታየናል። ሕጉ ግን በሌላ ዓይን ያየዋል። የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት አለው፤ የሚናገረው ነገር በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችልም በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። ዝም ማለቱ የጥፋት ማስረጃ አይሆንም።

«ቃል መስጠት» እና «የእምነት ቃል መስጠት»ም የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ጉዳዩ የሚያውቁትን መናገር ነው፤ ሁለተኛው «አዎ፣ እኔ ነኝ ያደረግሁት» ማለት ነው። በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል ማስረጃ ሆኖ ተቀባይነት እንደሌለው ሕገ መንግሥቱ በግልጽ ጽፎታል። ያላነበባችሁት ወይም ያልተነበበላችሁ ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ የጣት አሻራም ፊርማ ነው። አያቶቻችሁ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ይህን ለእነሱም ንገሯቸው።

አማርኛ የማይችል ሰውስ?

ክርክሩ በሚካሄድበት ቋንቋ የማይረዳ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ይተረጎምለታል። ከአዊ በኩል የመጣ አገውኛ ተናጋሪ ባሕር ዳር ላይ ቢከሰስ «ትንሽ ትንሽ ይሰማል» ተብሎ አይታለፍም። በገበያ የሚያግባባ አማርኛ በችሎት አይበቃም።

«ጊዜ ቀጠሮ» ምን ዓይነት ቀጠሮ ነው?

ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ተጠርጣሪውን በጥበቃ ሥር ለማቆየት ከፍርድ ቤት የሚጠይቀው ቀን ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንዳይሰጥ ገድቦታል። ዳኛው «ባለፈው ቀጠሮ ምን ሠራችሁ? የቀረው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሊጠይቁም ይገባል። ተጠርጣሪውም ቀጠሮውን መቃወምና ዋስትና መጠየቅ ይችላል። ጊዜ ቀጠሮ ላይ ያለ ሰው አልተከሰሰም። ይህን ለቤተሰብ ማስረዳት እንዴት እንደሚከብድ አይቻለሁ፤ ልጃቸው ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሲያዩ የተፈረደበት መስሏቸው የሚያለቅሱ እናቶች አሉ።

ዋስና ዋስትና አንድ ናቸው? በዋስ የወጣ ሰውስ ነጻ ወጣ ማለት ነው?

ዋስ ሰው ነው፤ ዋስትና ግዴታው ነው። ቃሉን ሕጉ አልፈጠረውም። በድሮው ሙግት ተከራካሪዎች «ዋስ ጥራ» ይባባሉ ነበር፤ ዛሬም ገጠር ውስጥ ከብት ሲሸጥ ዋስ ይጠራል። የወንጀል ዋስትና ሐሳቡ ያው ነው። ወጣቱ በቀጠሮው ቀን ይቀርብ ዘንድ ራሱ ገንዘብ ያስይዛል፣ ወይም ሌላ ሰው «ባይቀርብ ይህን ያህል እከፍላለሁ» ብሎ ይገባለታል።

በዋስ መውጣት ነጻ መባል አይደለም። ክሱ እንዳለ ነው፤ ሰውዬው የሚከራከረው ከቤቱ እየተመላለሰ መሆኑ ብቻ ነው። ገንዘቡም ቅጣት አይደለም፤ ቀጠሮውን ካከበረ ጉዳዩ ሲያልቅ ይመለሳል።

በመርሕ ደረጃ ዋስትና መብት ነው፤ መከልከል በሕግ የተወሰነ ነው። አንደኛው ክልከላ ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆንና ተበዳዩ የሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ሲሆን ነው። ሌላው፣ ፍርድ ቤቱ ሰውዬው አይቀርብም፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል፣ ወይም ምስክር ያባብላል፣ ማስረጃ ያጠፋል ብሎ በበቂ ምክንያት ሲያምን ነው። እንደ ሙስና ባሉ ጉዳዮች ላይ ልዩ ሕጎች የራሳቸው ገደብ አላቸው። ዋስትና የተከለከለ ሰው በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። ቀላል በሆነ ጉዳይ ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቅ እንደሚችልም ብዙ ሰው አያውቅም።

ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ ሁለቱም ጠባቂ አይደሉም ወይ?

ጥሩ ጆሮ ያለው ተማሪ ነው ይህን የሚጠይቅ። «ዐቀበ» በግእዝ ጠበቀ ማለት ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ሕግ ጠባቂ ነው። ጠበቃም ከመጠበቅ የመጣ ነው። አንዱ የሕዝብን ሕግ ይጠብቃል፣ አንዱ የተከሳሹን መብት። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃው ካልበቃው ክስ አልመሠርትም ማለት ግዴታው ነው፤ ማሸነፍ ብቻ አይደለም ሥራው። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ተከሳሽ፣ ጠበቃ ባለመኖሩ ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ፣ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ያቆምለታል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም አቅም ለሌላቸው ሰዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ለሕግ ተማሪም ቃላቱ ሰው ሆነው የሚመጡበት ቦታ ነው።

ስርቆት፣ ውንብድና፣ እምነት ማጉደል፣ ማታለል፤ ሁሉም የሰው ገንዘብ መውሰድ አይደለም?

ውጤቱ ያው ነው፤ ባለ ጀልባው ሞተር አልባ ቀረ። ሕጉ የሚጠይቀው ግን «ዕቃው እንዴት ከእጁ ወጣ?» ብሎ ነው። ሞተሩ ባለቤቱ ሳያውቅ ሌሊት ከተወሰደ ስርቆት ነው። ወጣቱ ጠባቂውን በዱላ አስፈራርቶ ወይም መትቶ ከወሰደው ውንብድና ነው፤ ቅጣቱም ዘልሎ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ባለ ጀልባው ራሱ «አስጠግንልኝ» ብሎ በአደራ ሰጥቶት ሸጦ ከበላው እምነት ማጉደል ነው። «ባለ ጀልባው ልኮኝ ነው» ብሎ በሐሰት ለጠባቂው ነግሮ፣ ጠባቂው አምኖ በእጁ ካስረከበው ማታለል ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ሞተሩን በርካሽ የገዛው ሰውዬም አያመልጥም፤ የእሱ መሸሸግ ይባላል።

ፈተና ላይ የምትወድቁት እዚህ ላይ ነውና ሁልጊዜ ዕቃው በምን መንገድ ከባለቤቱ እንደተለየ ጠይቁ።

ሰው የገደለ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው?

በጋራ አነጋገር አዎ፤ በሕጉ ግን ደረጃ አለው። አስቀድሞ አቅዶ፣ በጭካኔ ወይም አደገኛነቱን በሚያሳይ ሁኔታ የገደለ ሰው ከባድ የሰው ግድያ ይባልበታል፤ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። አስቦ ገድሎ የሚያከብድም የሚያቀልም ልዩ ሁኔታ ከሌለበት ተራ የሰው ግድያ ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። «ተራ» የሚለው ቃል ሟች ቤተሰብን ሲያስቆጣ አይቻለሁ፤ እውነታቸውን ነው፣ ለእነሱ ተራ ሞት የለም። ቃሉ ድርጊቱን ከሌሎቹ ምድቦች ለመለየት የተቀመጠ ነው።

ከዚያ በቸልተኝነት ሰው መግደል ይመጣል። አባይ ማዶ ላይ ስልክ እያየ ሲያሽከረክር እግረኛ የገጨ የባጃጅ ሹፌር ሊገድል አላሰበም። ግን መጠንቀቅ ነበረበት፣ ሊጠነቀቅም ይችል ነበር። መነሻው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው፤ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ላለበት ሰው ግን እስከ 5 ዓመት ይሄዳል። ጠጥቶ ላሽከረከረ ደግሞ ከዚህም ብዙ ይከብዳል።

ችሎት ላይ «ይከላከል» የሚባለው ለምንድን ነው? ጥፋተኛ ተባለ ማለት ነው?

አይደለም፤ ግን የብዙ ሰው ልብ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። ሂደቱ እንዲህ ነው። ክሱ ለተከሳሹ ይነበባል፤ አድርጌአለሁ ወይም አላደረግሁም ይላል። ካደ እንበል። ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን ያሰማል። ምስክሩን ያቀረበው ወገን የሚጠይቀው ዋና ጥያቄ ነው፤ ተቃራኒው የሚጠይቀው መስቀለኛ ጥያቄ ይባላል። ዓሣ አስጋሪው «ሞተር የተሸከመውን አይቻለሁ» ካለ በኋላ ጠበቃው «ጨረቃ ነበረች? ምን ያህል ራቅ ብለህ ነበር?» ሲል መስቀለኛ መጠየቁ ነው። ያቀረበው ወገን ተመልሶ የሚያጣራው ድጋሚ ጥያቄ ነው።

ከዚያ ፍርድ ቤቱ ብይን ይሰጣል። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ክሱን በበቂ ካላስረዳ ተከሳሹ መከላከያ ማቅረብ ሳያስፈልገው በነጻ ይሰናበታል። ካስረዳ «ይከላከል» ይባላል፤ አሁን የእሱ ተራ ነው ማለት ነው። የማስረዳት ሸክሙ ያለው ዐቃቤ ሕግ ላይ ነው፤ ጥርጣሬ ከቀረ ለተከሳሹ ይጠቅማል። መከላከያው ከተሰማ በኋላ ነው የጥፋተኝነት ወይም የነጻ ፍርድ የሚሰጠው፤ ቅጣቱ ደግሞ ለብቻው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቅጣት ማክበጃና ማቅለያ የሚባሉት ያኔ ነው የሚነሡት።

ቀላል እስራት፣ ጽኑ እስራት፣ ገደብ፣ አመክሮ?

ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፤ ሕጉ በተለየ ሁኔታ እስከ 5 ዓመት ያደርሰዋል። ጽኑ እስራት ከ1 እስከ 25 ዓመት ነው፤ ሕጉ በግልጽ ሲል ዕድሜ ልክ ይሆናል።

ገደብና አመክሮ ሁልጊዜ ይምታታሉ። ገደብ ሲሰጥ ጥፋተኛው ለተወሰነ ጊዜ ይፈተናል፤ ጊዜውን በመልካም ጠባይ ካለፈ ቅጣቱ አይፈጸምበትም። አመክሮ የታሰረ ሰው ነው የሚያገኘው፤ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ከጨረሰ፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት ከታሰረ፣ ጠባዩ ታይቶ በቅድመ ሁኔታ ይለቀቃል። አመክሮ በግእዝ ከመፈተን ጋር የተያያዘ ቃል ነው፤ ፈተናው ከበሩ ውጭም ይቀጥላል።

ማረፊያ ቤትም ማረሚያ ቤት አይደለም። የመጀመሪያው ፖሊስ ተጠርጣሪ የሚያቆይበት ነው። «ወህኒ» የምንለው የቆየ ቃል ደግሞ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የንጉሥ ልጆች ይጠበቁበት ከነበረው ወህኒ አምባ ጋር ስሙ የተያያዘ ነው።

ልጅ ወንጀል ቢሠራስ?

9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ወጣት ጥፋተኛ ይባላል፤ የአዋቂ መደበኛ ቅጣት አይፈጸምበትም፣ ከአዋቂ ታሳሪዎች ጋርም አይቀመጥም። ከ15 እስከ 18 ያለው በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል፤ ፍርድ ቤቱ ዕድሜውን አይቶ ሊያቀልለት ይችላል፤ የሞት ቅጣት ፈጽሞ አይወሰንበትም። ስለዚህ የልደት ምዝገባ ወረቀት የቢሮ ጣጣ ብቻ አይደለም።

ሽማግሌዎች ካስታረቁ ክሱ ይቀራል?

እንደ ወንጀሉ ነው። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስስ ጉዳይ ተበዳዩ ታርቆ አቤቱታውን ካነሣ ጉዳዩ ይዘጋል። ስርቆትና ግድያ ግን የሕዝብ ጉዳይ ናቸው፤ ባለ ጀልባው ሞተሩ ተመልሶለት ይቅር ቢልም ዐቃቤ ሕግ ክሱን ሊቀጥል ይችላል። መጸጸቱና ጉዳቱን መካሱ ግን ቅጣት ማቅለያ ሊሆንለት ይችላል።

ተማሪዎች ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ሽምግልናው ምን ጠቀመ?» ይላሉ። እዚህ ላይ እከራከራቸዋለሁ። ፍርድ ቤት ገዳይን ይቀጣል እንጂ የገዳይን ወንድም ከሟች ወንድም አያስታርቅም። ገዳይ ማረሚያ ቤት ገብቶም በውጭ ያሉት ደመኛ ሆነው፣ አንዱ የሌላውን መንገድ ሸሽቶ፣ እርሻው ጦም ያደረበት ቤተሰብ አለ። ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ናቸው። ሁለቱ የሚሠሩት የተለያየ ሥራ ነው፤ አንዱ ሌላውን መተካት አይችልም። ጎጂው ነገር ሽምግልናው ክስን ለማፈን ሲውል፣ በተለይም ለተደፈረች ልጅ ወይም ለሕፃን ጋብቻ ሽፋን ሲሆን ነው። ያ ዕርቅ አይባልም፤ ተበዳይዋ ሳትጠየቅ በሌሎች የተደረገ ውል ነው። ሕጉም የሕፃናት ጋብቻን ወንጀል አድርጎታል፤ የቤተሰብ ስምምነት አያነጻውም።

ክስ ማቋረጥ፣ ይቅርታና ምሕረት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

2010 ዓ.ም. ላይ ሦስቱም ቃላት በየዜናው ሲነሡ ነበርና ትልልቅ ሰዎችም ያደባልቋቸዋል። ክስ ሲቋረጥ ገና ፍርድ አልተሰጠም፤ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ተወው፣ ሰውዬው ጥፋተኛ ተብሎ አያውቅም። ይቅርታ ለተፈረደበት ሰው ነው፤ ቅጣቱ በሙሉ ወይም በከፊል ይቀርለታል፣ የጥፋተኝነት መዝገቡ ግን ይቆያል። ምሕረት በሕግ የሚሰጥ ሲሆን የወንጀሉን መዝገብ ራሱን ይፍቃል፤ እንዳልተፈረደበት ይቆጠራል። በይቅርታ የወጣ ሰው ሥራ ሲጠይቅ መዝገቡ ሊከተለው ይችላል፤ በምሕረት የወጣው ግን አይከተለውም። ማን በምን እንደወጣ ሳትለዩ ስለ ሰው አትጻፉ።

ይግባኝና ሰበርስ?

ይግባኝ የበላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን፣ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም፣ እንዲያይ መጠየቅ ነው። ሰበር የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩን ብቻ ነው፤ ምስክሩ አይቷል አላየም የሚለው ክርክር እዚያ አይነሣም። ስሙ እንደሚለው የተሳሳተውን ውሳኔ ይሰብራል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ስለሚያስገድድ የሕግ ተማሪ የችሎቱ ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ቅጾች ማንበብ አለበት።

ቀኑን አትርሱ፦ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንደምትሉ ታስታውቃላችሁ፤ የፍርዱን ግልባጭ ካገኛችሁ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻውን ታስገባላችሁ። ግልባጩን በዕለቱ ጠይቁ።

እኔ ተማሪ ነኝ፤ ችሎት ገብቼ ማየት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። የወንጀል ክርክር በግልጽ ችሎት መሰማት የተከሳሹ መብት ነው። የባለጉዳዮችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብ ሞራል ወይም የአገር ደኅንነት የሚነካ ከሆነ ብቻ በዝግ ይታያል። ባሕር ዳር የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀመጫ ናት፤ የታችኛውን ፍርድ ቤት ሙግትና የላይኛውን ይግባኝ ከተማዋን ሳትለቁ ማየት ትችላላችሁ። ጠዋት ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ስልካችሁን አጥፉ፣ ፎቶ አታንሡ፣ ዳኞች ሲገቡ ቁሙ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ደብተር ያዙና ዳኛው በሳጥን የቆመውን ሰው በምን ስም እንደሚጠሩት ጻፉ፤ ከዚያ ውጭ በረንዳ ላይ የቆመው ሰው ያንኑ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው አዳምጡና ከጎኑ ጻፉት።